ሳይቀባ የቀረው ቦታ

እስራኤል የገባን ዕለት እናቴ ለመዝጋቢው ጸሐፊ አንዲት ቃል ተናገረች፤ በዚያች ቃል ሁለት ዓመት ኖርን።

በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ተሰልፈን ነበር። ተራችን ሲደርስ ጸሐፊው በአስተርጓሚ፣ «ስንት ነፍስ ናችሁ?» ብሎ ጠየቀን። እናቴ «ሦስት» አለች። አስተርጓሚው የአገራችን ልጅ ነው። ወደ ኋላችን አየት አደረገና፣ «ሦስተኛው ሰው የት አለ፣ እማማ?» አላት። እናቴ ወለሉን እያየች «ትመጣለች» አለች። አስተርጓሚው ለጸሐፊው ምን ብሎ እንዳስረዳው አላውቅም። ብቻ ጸሐፊው ሦስት ብሎ ጻፈ።

ትመጣለች የተባለችው ታናሽ እኅቴ ናት። እኔ ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እሷ ዘጠኝ። አባታችን ገና አገር ቤት ሳለን ስለ ሞተ፣ ከጎንደር ገጠር ተነሥተን በእግራችን ሱዳን የገባነው ሦስታችን ብቻ ነን። ቤተ እስራኤል መሆናችንን ደብቀን በተጠለልንበት የስደተኞች ድንኳን ውስጥ እናቴ በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላው ጎን፣ እሷ በመካከላችን ትተኛ ነበር። ከዚያ እኔን ንዳድ ያዘኝ። ስንት ቀን ራሴን ሳላውቅ እንደቆየሁ እንጃ። ዓይኔን ስገልጥ በእኔና በእናቴ መካከል ያለው ሰሌን ባዶ ነው።

«የት ሄደች?» አልሁ።

«ወሰዷት» አለች እናቴ።

«ወዴት?»

«ወደ ሐኪም ቤት። ትመጣለች።»

ወራት አለፉ። በጭነት መኪና ጫኑን፤ አውሮፕላን ላይ ወጣን፤ እሷ አልመጣችም። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅሁም። ለምን እንዳልጠየቅሁ ራሴን ስመረምር ኖሬአለሁ። ካልጠየቅሁ ገና መንገድ ላይ ናት ማለት ነው፤ ከጠየቅሁ ግን እናቴ አንድ ነገር መመለስ አለባት። ያን መልስ ነው የፈራሁት።

የመጀመሪያውን ዓመት ከሌሎች አዲስ ገቢዎች ጋራ በአንድ ትልቅ ማረፊያ ኖርን። ከዚያ ፔታ ቲክቫ፣ ሻአሪያ ሰፈር ጫፍ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ተሰጠን። የቤት ዕቃ የሚታደለው በመዝገብ ነው። በመዝገብ ሦስት ስለሆንን ሦስት የብረት አልጋ፣ ሦስት ፍራሽ፣ ሦስት ግራጫ ብርድ ልብስ መጣልን። መኝታ ክፍሉ አንድ ነው፤ እሱም ጠባብ ነው። ሦስተኛውን አልጋ ሳሎን እናድርገው ልል አፌን ስከፍት፣ እናቴ ቀድማ እየገፋች መካከል ላይ አቆመችው። የእሷ በመስኮቱ በኩል፣ የኔ በበሩ በኩል፣ ያኛው በመካከላችን። ልክ እንደ ድንኳኑ። በአልጋዎቹ መካከል ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም ነበር።

እናቴ ያን አልጋ ጠዋት ጠዋት ታነጥፈዋለች። ብርድ ልብሱን ወጥራ፣ ጫፉን ከፍራሹ ሥር ወትፋ፣ በመዳፏ ታስተካክለዋለች። በየሳምንቱ ዐርብ አንሶላውን ታጥባለች፤ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ። ከበታቻችን የምትኖር የየመን ተወላጅ አሮጊት ነበረች። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ይዛኝ፣ «ገመዳችሁ ላይ ሦስት አንሶላ አያለሁ፤ ሦስተኛዋን ግን አይቻት አላውቅም። ትሠራለች?» አለችኝ። እኔም «አዎ፣ ትሠራለች» አልሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሸቱ የእናቴ ብቻ መሆኑ ቀረ። ልብሴን ስቀይር ጀርባዬን ለዚያ አልጋ አልሰጥም ነበር። እኅቴ ናትና ለምን እንደምፈራት አላውቅም። እፈራት ነበር።

ጠዋት ጠዋት ኡልፓን፣ ማለትም ዕብራይስጥ ለአዲስ ገቢ የሚያስተምሩበት ቤት እሄዳለሁ። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩን ማትናስ አጸዳለሁ። ማትናስ የሚሉት ሕፃናት ዳንስ፣ ጎልማሶች ጂምናስቲክ፣ ሽማግሌዎች ቼዝ የሚጫወቱበት የሰፈር አዳራሽ ነው። እናቴ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ታጥባለች፤ ማለዳ ወጥታ እኩለ ቀን ላይ ትመለሳለች። እኔ የምገባው አመሻሽ ላይ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ውስጥ እናቴ ብቻዋን ነች።

ማክሰኞና ሐሙስ በማትናሱ የኋለኛ ክፍል የሥዕል ትምህርት ነበር። አስተማሪዋ ሩማንያ ተወልዳ ያደገች፣ ሰባ ዓመት የሚጠጋት፣ ጉልበቷን የሚያማት ቀጭን ሴት ናት። ተማሪዎቹ ዐሥር የሚሆኑ የሰፈሩ ሴቶችና አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው።

አንድ ማክሰኞ ባልዲዬን ይዤ ስገባ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። በመካከል ወንበሮች አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልለዋል፤ አንዱ ተገልብጧል፤ አንዱ በጎኑ ተኝቷል። የሰፈር ልጆች ሲጫወቱ የበተኑት መሰለኝ። አንድ ባንድ አውርጄ ግድግዳ ሥር ደረደርሁና ወለሉን ወለወልሁ። ልጨርስ ስል ለዕረፍት ወጥተው የነበሩት ተማሪዎች ተመለሱ። በሩ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። ሾፌሩ ሰውዬ እጁን ግንባሩ ላይ ጫነ። ለካ ያፈረስሁት ከሰዓት ጀምሮ ሲሥሉት የነበረውን ነው።

አስተማሪዋ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ሣቀች። «ያፈረሰ ሰው መልሶ ይሠራል» አለችኝ።

«እንዴት እንደነበረ አላስታውሰውም» አልሁ።

«እንደፈለግሽ ቆልዪው።»

ቆለልሁት። ስጨርስ ወረቀትና ከሰል ሰጠችኝ። «በይ አሁን ቁጭ በዪና ሣዪ።»

«ሥዕል አልችልም። ደግሞ ሥራ ላይ ነኝ፤ ወለሉም አልደረቀም።»

«ወለሉ ያላንቺ ይደርቃል» አለች።

ተቀመጥሁ። በዕድሜዋ በእኛ አገር አንቱ የምትባል ሴት ናት፤ በዕብራይስጥ ግን አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ አንቺ ማለቱ ያሳፍረኝ ነበር። ተማሪዎቹ «ሞራ» ይሏታል፤ አስተማሪ ማለታቸው ነው። እሱም አልሆነልኝም፤ በእኛ ቋንቋ ሞራ የከብት ስብ ነውና አክብሮት አልመሰለኝም። ስለዚህ ምንም ብዬ ሳልጠራት ነው የኖርሁት።

ከሰሉን ይዤ ወንበሩን ማየት ስጀምር ቆም አደረገችኝ። «ወንበሩን አትሣዪው። ወንበር ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ አታዪውም፣ የምታውቂውን ነው የምትሥዪው። በእግሮቹ መካከል ያለውን ቦታ እዪ። እሱን አታውቂውም። እሱን ሣዪልኝ።»

ወንበሩን ትቼ በሁለት እግሮች መካከል የሚታየውን ቁራጭ ግድግዳ አየሁ። ሦስት ማዕዘን ነው፤ አንዱ ጎኑ ትንሽ ጎብጧል። እሱን በከሰል አጠቆርሁት። ቀጥሎ ያለውን አየሁ፤ እሱንም አጠቆርሁት። ከመቀመጫው በታች፣ ከመደገፊያው በላይ፣ አንዱ ወንበር ከሌላው ጋራ በተቆላለፈበት ቀዳዳ ሁሉ ገባሁ። ሰዎቹ ሲያወሩ ይሰማኛል፤ የሚሉት ግን አይገባኝም። ቀና ብዬ ወረቀቱን ሳየው፣ እጄ ያልነካው ነጩ ወንበር ሆኖ ቁጭ ብሏል።

አስተማሪዋ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። «ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም።»

«ሰው ይህን ለማየት ወር ይፈጅበታል። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ዕቃውን ነው የሚያየው። አንቺ ቀድመሽ ያየሽው የሌለውን ነው።»

በከሰል የጠቆሩ ጣቶቼን በወለሉ ጨርቅ ጠረግሁ።

ከዚያ ወዲያ ማክሰኞና ሐሙስ ጽዳቴን ቶሎ እጨርስና ከጀርባ እቀመጣለሁ። ሁለት ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች። አቀራርባቸው፣ «አሁን ሊጣሉ ነው» ትላለች። አራርቃቸው፣ «አሁን አይተዋወቁም» ትላለች። ከዚያ በጣቷ ትንሽ ትንሽ እየገፋች አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ታቆምና፣ «አሁንስ?» ብላ ትጠይቀናለች። በእውነትም እዚያ ላይ በብርጭቆዎቹ መካከል ያለው አየር አንድ ነገር ይሆናል፤ እንደ ሦስተኛ ዕቃ። ሥዕልን አጽንቶ የሚይዘው እሱ ነው ትለን ነበር። ስሙንም ነገረችን፤ ኻላል። በኡልፓን ደብተሬ ላይ «ኻላል፣ በሁለት ነገር መካከል ያለ ባዶ ቦታ» ብዬ ጻፍሁ።

በጸደይ በጦርነት ለሞቱት ወታደሮች መታሰቢያ የሚደረግበት ቀን መጣ። ከተማው ሙሉ በድምፅ ማስጠንቀቂያ ጮኸ፤ አውቶቡሶች መካከል መንገድ ላይ ቆሙ፤ ሰው ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ። በኋላ ማትናሱ ውስጥ ራዲዮ እየሰማሁ ስወለውል ያን ቃል ሰማሁት። ደጋገመው። በማግስቱ ኡልፓን ውስጥ አስተማሪያችንን፣ «ኻላል ባዶ ቦታ አይደለም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ነው» አለ። «ደግሞም በጦርነት የወደቀ ሰው ነው። ቃሉ አንድ ነው።»

ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ሳምንት ሥዕል ክፍል አልገባሁም። በዚያ ሰዓት ሌላውን ክፍል አጸዳለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አስተማሪዋ እያነከሰች መጥታ መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደችና፣ «ዛሬ ሁሉም ሰው ቤቱ ሄዶ የሚተኛበትን ክፍል ይሥላል። ያላ፣ ሂጂ» አለችኝ። ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ወፍራም ወረቀት፣ ጥቁር ሰማያዊ ቀለምና ሰፊ ብሩሽ ሰጠችኝ።

ቤት ስደርስ ዐሥር ሰዓት ገደማ ነው። እናቴ የለችም፤ ዘንቢሉ ከተሰቀለበት ስለ ሌለ ገበያ መሄዷን አወቅሁ። በዚያ ሰዓት ቤቱን አይቼው አላውቅም ነበር። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ አልጋዎቹን በአግድም ትመታለች። በሩ ላይ ቆሜ ወረቀቴን ስዘረጋ፣ የመካከለኛው አልጋ ብርድ ልብስ እንደ ጠዋቱ የተወጠረ አለመሆኑን አየሁ። መካከሉ ሰርጎዷል። አንድ ሰው ጉልበቱን አጥፎ በጎኑ የተኛበት ቅርፅ ነው። ትራሱ ላይም የራስ ጉድጓድ አለ።

ሄጄ በእጄ ነካሁት። ይሞቃል።

ወደ ኋላዬ እየሄድሁ ሳሎን ደረስሁ፤ ከዚያ በረንዳ ወጣሁ። ታች መንገድ ላይ ሰዎች ይሄዳሉ፤ የየመኗ አሮጊት በሩ ላይ ሽንኩርት ትልጣለች። መጣች ማለት ነው ብዬ አሰብሁ። እንዲህ ብዬ ማሰቤን አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፤ ግን አስቤአለሁ። እጄ ውስጥ ብሩሹ ነበር። መቼም መሸሽ አይቻልም፣ ቤቴ ነው፤ ተመልሼ ገብቼ በሩ ላይ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁና መሣል ጀመርሁ።

የሠራሁት እንደ ወንበሩ ነው። እሷን አልነካኋትም። ግድግዳውን ቀባሁ፤ የእናቴን አልጋ ጥላ፣ የኔን አልጋ ጥላ፣ ከአልጋዎቹ በታች ያለውን ጨለማ፣ ብርድ ልብሱ ተጨማዶ የቆመበትን እጥፋት ሁሉ ቀባሁ። የሰረጎደው ቦታ ላይ ስደርስ ዳር ዳሩን ዞርሁት። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወርዳ ሳለ ጨረስሁ። በሰማያዊው መካከል አንዲት ልጅ በጎኗ ተኝታ ነበር፤ ነጭ፤ ፊት የሌላት። እናቴ ደረጃ ስትወጣ ስሰማ ወረቀቱን ቁም ሳጥኑ ኋላ ደበቅሁት። እሷ ገባች፤ ዘንቢሉን አስቀመጠች፤ ወደ መኝታ ክፍሉ አለፈችና ብርድ ልብሱን በመዳፏ ስታስተካክል ሰማኋት።

ሐሙስ ዕለት ሥዕሉን ለአስተማሪዋ አሳየኋት። መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። «ማን ናት?» አለች። «ማንም አይደለችም» አልሁ። ደግማ አልጠየቀችኝም። ስለራሷም ያኔም ሆነ በኋላ ነግራኝ አታውቅም። ብቻ፣ «እዚህ ላይ ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ እንዳትጨምሪ» አለችኝ።

የዓመቱ ትምህርት ሲያልቅ የሁሉም ሥዕል በማትናሱ መግቢያ ተሰቀለ። የኔንም ሰቀለችው። ስሜን አትጻፊበት ብዬ ለመንኋት፤ «በሰደር»፣ እሺ ማለቷ ነው፣ ብላ ተስማማች። የእኛ ሰዎች ወደዚያ ስለማይመጡ ማንም አያየውም ብዬ ነበር። ለካ አንዲት ጎረቤታችን ልጇን ለዳንስ ልታስመዘግብ ገብታ አይታዋለች። ስሜ ባይኖርበትም ሦስቱን የብረት አልጋና ብርድ ልብሱን የማያውቅ ከእኛ ሰው የለም፤ እኔ እዚያ እንደምሠራም ታውቃለች። ሄዳ ለእናቴ፣ «ልጅሽ የጎደለ ሰው ሥላ ግድግዳ ላይ ሰቅላለች» አለቻት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መግቢያውን ስጠርግ እናቴ ገባች። ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልለወጠችም። ወደዚያ መጥታ አታውቅም፤ መንገዱን እየጠየቀች ሳትመጣ አልቀረችም። እኔን አላየችኝም፤ ሥዕሎቹን አንድ ባንድ እያየች መጣችና የኔው ፊት ቆመች። እናቴ አገር ቤት ሸክላ ሠሪ ነበረች። አዲስ የወጣ ገንቦ ስትመረምር እንደምታደርገው አንገቷን ወደ አንድ ጎን አዘንብላ አየችው። እኔ መጥረጊያዬን እንደያዝሁ ቁጣዋን ጠበቅሁ።

«ይህ የኔ ገላ ነው» አለች።

«ምን አልሽ፣ እማ?»

«የኔ ገላ ነው። ከሥራ ስገባ ጥቂት ጋደም እልበታለሁ፤ እንዳይቀዘቅዝ። በሷ ልክ ልሁን ብዬ እታጠፋለሁ።» እጇን አንሥታ ነጩን ሳትነካ ዳር ዳሩን ዞረችው። «እሷ ይህን አታህልም። መጨረሻ ላይ ከስታ ነበር።»

መጨረሻ ላይ። ያን ቃል ስሰማ ያወቅሁ ይመስለኛል።

አስተማሪዋ ከክፍሏ ወጥታ ቆማ ነበር። እናቴ ወደ እሷ ሳትዞር፣ «ያን ቀለም አምጪልኝ በያት» አለችኝ። ተረጎምሁላት። አስተማሪዋ ለምን አላለችም። አንዲት ጠብታ እንዳትጨምሪ ያለችኝ ሴት፣ ሥዕሉን ራሷ ከግድግዳው አውርዳ ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችውና ሰማያዊውን ቀለም ከፈተች። ብሩሽም ሰጠቻት፤ እናቴ ግን ብሩሹን ትታ ጣቷን ነከረች። ከትከሻው ጀመረች። ጨለማውን ወደ ውስጥ እየገፋች፣ በጀርባው፣ በወገቡ፣ በጭኑ አጠገብ ወረደች። ክንዱን አሳነሰችው። አንገቱን አቀጠነችው። ስትጨርስ በወረቀቱ ላይ የቀረው ነጭ ከሁለት ጣት ብዙም የማይሰፋ ነገር ነበር፤ እኔም ወዲያው ለየኋት። ድንኳኑ ውስጥ ከንዳዱ በፊት እንዲያ ነበረች።

እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጣቷን በጨርቅ እየጠረገች ነገረችኝ።

«ወደ ሐኪም ቤት አይደለም የወሰዷት። በመካከላችን ተኝታ ነው የሞተችው። ጎሕ ሲቀድ ነካኋት፣ በርዳ ነበር። አንቺ ደግሞ እሳት ነሽ። በአንድ እጄ ብርድ፣ በአንድ እጄ እሳት ይዤ ተኛሁ። በሥርዓታችን ባለቅስ ማን መሆናችን ይታወቃል፤ ስለዚህ አላለቀስሁም። ሰዎች ሊወስዷት መጡ። ተከትዬ ልሂድ ብዬ ስነሣ ቀሚሴን ይዘሽ ‹ውኃ› አልሽኝ። ትቼሽ ብሄድ ሁለታችሁንም ነው የማጣው አልሁ። ተቀመጥሁ። የት እንደቀበሯት አላውቅም። በእጄ አፈር ያላለበስኋትን ልጅ ሞታለች ብዬ እንዴት ልናገር? ያ ሰውዬ ሲጠይቀኝ ሁለት ነን ማለት አቃተኝ።»

ቀሚሷን መያዜን አላስታውሰውም። ውኃ ማለቴንም አላስታውሰውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እንደሚያስታውስ ሰው ሆኜ ነው የኖርሁት። ያን ዕለት፣ «እማ፣ እኔ አላወቅሁም» አልኋት። «ታውቂያለሽ አላልሁሽም» አለችኝና ሻሿን አስተካክላ ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ አውጥታ፣ ደረቷን እየመታች፣ በአገራችን ወግ። አስተማሪዋ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን ሰጥታን መስኮቱ አጠገብ ቆመች። ቋንቋውን አታውቅም፤ ምን እንደሆነ ግን ገብቷታል። ሲበርድልን፣ «ሥዕሉን ትወስዱታላችሁ?» ብላ ጠየቀች። እናቴ፣ «የለም፣ ከነበረበት ይመለስ። ሰው ይየው» አለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ለቅሶ ተቀመጥን። ከሌላ ከተማ አንድ የእኛ ቄስ በአውቶቡስ መጡ፤ የሰፈሩ ዘመድ ሁሉ መጣ። ቤቱ አልበቃ ብሎ ሰው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ቄሱ እናቴን፣ «ስሟ ማን ነበር?» ብለው ጠየቋት። እናቴ ተናገረች። ያን ስም ከድንኳኑ ወዲህ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። የሌላ ሰው ስም ሆኖ እስኪሰማኝ ድረስ አርጅቶብኝ ነበር። እዚህ የማልጽፈው ለዚያ ነው፤ ያን ቀን የሰማሁበት ድምፅ የእናቴ ነው፣ እንደዚያው ይሁንልኝ። ከዚያ ቄሱ፣ ሌላም መንገድ ላይ ሰው የቀረበት ያለ እንደሆነ ይናገር አሉ። አንዲት ሴት የወንድ ልጇን ስም ጠራች። አንድ ሽማግሌ የሚስቱን። ያቺ ሥዕሉን አይታ ለእናቴ የነገረቻት ጎረቤታችን የሁለት ልጆቿን ስም ጠራች፤ ዓመት ሙሉ አንድ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ አንድም ቀን ነግራን አታውቅም።

በሦስተኛው ቀን አስተማሪዋ መጣች። ሦስቱን ፎቅ በዚያ ጉልበቷ ወጥታ፣ በእጇ በወረቀት የተጠቀለለ ኬክ ይዛ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ በሩ ላይ ቆመች። ሳሎኑ በሰው ስለ ሞላ ወደ መኝታ ክፍሉ አለፈች። እዚያም እናቴና ሁለት አሮጊቶች ወለል ላይ ተቀምጠዋል። የምትቀመጥበት ፈለገች፤ ከድካም ብዛት ልትወድቅ ነበርና በቅርብ ያገኘችው ላይ ተቀመጠች፤ የመካከለኛው አልጋ ላይ። ሽቦው ጮኸ። አንዷ አሮጊት ልታስነሣት እጇን ስትዘረጋ እናቴ፣ «ተዪያት፤ ደክሟታል፤ ትቀመጥ» አለች።

አስተማሪዋ ምን እንደሆነ አልገባትም። ኬኩን ጭኗ ላይ እንደያዘች እስከ ማታ ድረስ እዚያው ተቀምጣ ቆየች።

ከለቅሶው በኋላ ሁሉ ነገር ደኅና ሆነ ብል ውሸት ነው። እናቴ አንሶላውን በየዐርቡ ማጠብ ተወች፤ አልጋው ግን ከቦታው አልተነሣም፤ እኔም ይነሣ አላልሁም። አስተማሪዋ በሁለተኛው ዓመት ጉልበቷ ጭራሽ እንቢ ሲላት ትምህርቱን አቆመች። እኔ ኪርያት አርዬ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ካሉት ማተሚያ ቤቶች በአንዱ ተቀጠርሁ፤ ጽሑፍና ፎቶግራፍ በገጽ ላይ እያቀናጀሁ አስቀምጥ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ብዙ ነጭ ትተዪአለሽ እያለ ይቆጣኝ ነበር። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይ ዛሬም ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው በመካከላቸው ነው። አንዳንዴ እዚያ አንድ ሰው ያለ ይመስለኛል፤ አልፈራውም ብል ግን አልችልም።

የማተሚያ ቤቱን ሥራ በጀመርሁ በጥቂት ወር፣ አንድ ቀን ራሴን አሞኝ በዘጠኝ ሰዓት ወደ ቤት ተመለስሁ። ጫማዬን አውልቄ ወደ መኝታ ክፍሉ ብቅ አልሁ። እናቴ በገዛ አልጋዋ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ በጀርባዋ ተንጋልላ ተኝታለች። እግሯን ዘርግታዋለች፤ ያ ረጅም ቁመቷ አልጋውን ሞልቶታል፤ ታንኮራፋለች። በቀን እንዲያ ተዘርግታ ስትተኛ አይቻት አላውቅም ነበር። መስኮቱ ተከፍቶ ስለ ነበር የመንገዱ ድምፅ እንዳይቀሰቅሳት ቀስ ብዬ ገብቼ ዘጋሁትና፣ ኩሽና ሄጄ ለራት የሚሆነውን ምስር መልቀም ጀመርሁ።